ብላታ ሣህለ ድንግል ስለ ምድር መራራቅ የተከሏቸው ድንጋዮች

ሰው፣ አንባቢ ሆይ፣ በጠባዩ ጠርጣራና ነገረኛ ፍጥረት ነው፤ ወዳጁን ይጠረጥራል፣ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ወንበር ሲቀርብለትም እግሩን ነቅነቅ አድርጎ ሳያይ አይቀመጥም፤ ነገር ግን ከእናቱ ማሕፀን ወጥቶ ወደ መቃብር እስኪወርድ ድረስ፣ ቤቱን የሠራባትን፣ ዘሩን የበተነባትን፣ በመጨረሻም ሬሳውን የሚያስረክባትን ምድር «ለመሆኑ ቆመሻል ወይስ እየሄድሽ ነው?» ብሎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። ስለዚህም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በአውሮፓ ከወደ ሰሜን የተነሣ አንድ የአየር ጠባይ መርማሪ፣ አህጉራት ሁሉ በቀዳማዊው ዘመን አንድ ገበታ እንደ ነበሩ፣ በኋላም ተሰነጣጥቀው እንደ ተለያዩ፣ ዛሬም ቢሆን በመራራቅ ላይ እንዳሉ በጻፈ ጊዜ፣ በያገሩ ያሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት ከት ብለው ሳቁ፤ ከሳቃቸው በኋላ ተቈጡ፤ ከቍጣቸውም በኋላ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤ የሚጠራው መቼም ሳቅም ቍጣም አልበቃ ሲል ነው። እኔ የምተርከው በዚያ ታላቅና አድካሚ ክርክር ውስጥ ገብተው ስለ ወጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው።

ብላታ ሣህለ ድንግል ይባላሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ተቀኝተው፣ በጉልምስናቸው ባሕር ተሻግረው፣ የድንጋይን ዘመንና ትውልድ መርምሮ የሚያስረዳውን ሥነ ምድር የተባለውን ጥበብ ከአውሮፓ ሊቃውንት እግር ሥር ቁጭ ብለው የቀሰሙ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ሳቃቸው ረጅም፣ በአነጋገራቸው የተመጠኑና ጭምት፣ በሐሳባቸው ግን ድርቅ ያሉ እልኸኛ ነበሩ። በደረሱበት ሁሉ ድንጋይ አንሥተው ጫፉን በምላሳቸው ስለሚቀምሱ አሽከሮቻቸው «ጌታችን ጨው እያማራቸው ነው» እያሉ ያዝኑላቸው ነበር። ያን አዲስ ትምህርት ገና ሲሰሙ ግን ብላታ አልሳቁም፤ የአገራቸው መካከል ከአፋር ቆላ ጀምሮ እስከ ደቡብ ሐይቆች ድረስ እንደ ተቀደደ ሸማ ለሁለት መከፈሉን፣ የስምጥ ሸለቆውም ሁለት ግድግዳዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ በአንድ ወቅት ተቃቅፈው የነበሩ መምሰላቸውን በዐይናቸው አይተዋልና፣ «ይህ ሰው የጻፈው የእኔን አገር ነው!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕይወታቸውን በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ጣሉት፤ ምድር እንደምትሄድ ከሕያዋን ሁሉ አስቀድመው በልኬት ሊያስመሰክሩ።

የአውሮፓው ማኅበረ ሊቃውንት አፈ ጉባኤና የዚያ ትምህርት ዋና ተቃዋሚ ፕሮፌሰር ሐልቤርግ የተባሉ፣ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ቃላቸው የከበደ፣ ነገር ግን ፍርዳቸው ያልተጣመመ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸውም «የሚሄድ ነገር ሲሄድ ይታያል፤ አህጉር ይሄዳል የሚል ሁሉ የሄደበትን ስንዝር ያሳየኝ፤ ያን ጊዜ በዚህ ወንበር ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ እላለሁ» ብለው በጉባኤ ፊት ቃላቸውን ሰጥተው ነበር። ብላታም ይህን ቃል እንደ ውል ተቀብለው ወደ አገራቸው ተመለሱና፣ ከአዋሽ ማዶ ስንጥቅ ሜዳ ወደምትባል ቀበሌ ወረዱ፤ በዚያች ቀበሌ መካከል ምድሪቱ በረጅሙ ተሰንጥቃ፣ በወዲህ ወገን የባሻ ከልካይ ዘመዶች፣ በወዲያ ወገን የኦቦ ሮባ ዘመዶች እርሻቸውን እስከ ገደሉ ከንፈር ድረስ ያርሱ ነበር። ብላታ በስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ከገደሉ ጥቂት እርምጃ ወደ እርሻው ገባ አድርገው፣ የተጠረቡ ድንጋዮች ፊት ለፊት አስተከሉ፤ በየድንጋዩም አናት ላይ ምልክት ቀረጹ፤ ከዚያም በመካከላቸው የብረት ሰንሰለት ዘርግተው ርቀቱን ለኩና «በየዓመቱ በጥር እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። ሲሚንቶ አልነበራቸውም፤ ድንጋዮቹን ያቆመው አፈር ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሲለኩ ርቀቱ ከስንዝር በላይ ጨምሮ አገኙት። ብላታ ሰንሰለቱን በእጃቸው እንደያዙ ፊታቸው እንደ ፀሐይ በርቶ «ሰፋች! ተመስገን፣ ሰፋች!» ብለው ቢጮኹ፣ በሁለቱም ወገን ተሰብስቦ ይመለከት የነበረው ሕዝብ እልልታውን አቀለጠው፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ባሻ ከልካይም ለክብራቸው ሙክት አረዱ። በሦስተኛውም ዓመት ሰፋች፤ በአራተኛውም ሰፋች፤ በየዓመቱም እልልታው በረታ፣ ሙክቱም ሰባ። አይ ብላታ! የምድርን ምሥጢር ከጥልቁ የሚመረምሩ እኚህ ጠቢብ፣ ገበሬ ስለ ምን ብሎ ለአህጉራት መራራቅ ሙክት እንደሚያርድ አንድ ጊዜ ቢጠይቁ ምን ነበረበት? በድንጋዮቹ መካከል የማሽላ አገዳ ታጭዶ ጉቶው ቀርቶ እንደ ነበርም አላስተዋሉም፤ ዐይናቸው ከድንጋይ በቀር ሌላ አይመለከትምና። ደስታ የያዘው ሰው ጥያቄ አይጠይቅም፤ ብላታም ሙክቱን በልተው፣ ልኬቱን ይዘው፣ ወደ አውሮፓ በመርከብ ሄዱ።

በጉባኤው ልኬታቸውን ባቀረቡ ጊዜ ሊቃውንቱ ወረቀቱን እጅ በእጅ ተቀባበሉ። ፕሮፌሰር ሐልቤርግ ግን ጢማቸውን ጨብጠው «የተከበሩ ብላታ፣ ድንጋዮቹን የሰው እጅ እንዳልነቀነቃቸው ዋስትናዎ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ብላታም ቀና ብለው፣ በአገራቸው ኩራት ልባቸው ተሞልቶ «ክቡር ሆይ፣ በእኔ አገር የወሰን ድንጋይ ያፈለሰ ሰው የተረገመ ነው፤ ልጁ አይባረክም፣ እርሻው አይበቅልም፣ ሲሞትም በቄስ ፊት የመጨረሻ ኑዛዜው ያ ድንጋይ ነው። ሕዝቤ ነፍስ ከመግደል ይልቅ ወሰን ማፍለስን ይፈራል። ከዚህ የበለጠ ዋስትና በብረት ካዝናም አይገኝም» አሉ። ይህ ቃል ሽማግሌውን ነካቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው «አንድ ልኬት ብቻ ይጨምሩልኝ፤ የሚቀጥለው ልኬት ከነዚህ ጋር ከተስማማ እኔ በተናገርኩት ቃል እቆማለሁ፤ ማኅበሩም በማኅተሙ ያጸድቀዋል፤ በስንጥቁ ዳርም የምርምር ቤት ሠርቶ እርስዎን አለቃ ያደርጋል» ብለው አወጁ። ብላታ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ የፈለጉት ሁሉ፣ ስማቸውም፣ ሥራቸውም፣ የእውነታቸውም ድል በአንዲት ልኬት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷልና።

የሚቀጥለው ጉባኤ ጊዜው ቀድሞ ስለ ተቀጠረ፣ ብላታ ጥርን ሳይጠብቁ በኅዳር ወር፣ ማሽላው ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ፣ ያለ ማስታወቂያ ወደ ስንጥቅ ሜዳ ደረሱ። ቢመለከቱ ማሽላው በድንጋዮቻቸው መካከል፣ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ተዘርቷል፤ ባሻ ከልካይም ከወንድሞቻቸው ጋር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዶማና የብረት መፈንቀያ ይዘው አንዱን ምልክት ድንጋይ ከበውታል። አጀብ ነው! ባሻ አልደነገጡም፣ አላፈሩም፤ ዶማቸውን አስደግፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወዳጅ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «እንዴት ሰነበቱ ጌታዬ! ዘንድሮስ ቀደሙን እኮ፤ ገና አልገፋነውም» አሉ።

ብላታ ተቀመጡ፤ የተቀመጡትም በራሳቸው ድንጋይ ላይ ነበር። «ምኑን ነው የምትገፉት ባሻ?» ብለው በቀስታ ቢጠይቁ፣ ባሻ ከልካይ የተጠየቁት ነገር ግልጽ ስለ ሆነ ገረማቸው። «ድንጋዩን ነዋ! እርስዎ ሰንሰለት ዘርግተው ድንጋይ በተከሉ ጊዜ ቃላድ መጣብን፣ መሬታችን ሊለካ ነው ብለን ተንቀጥቅጠን ነበር። በኋላ ግብር ሰብሳቢው መልከኛ መጥቶ ሲያይ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ‹ይህ ሙት መሬት ነው፣ ጠፍ ነው፣ ግብር የለበትም› ብሎ ጻፈው። ያን ዓመት እየፈራን ጥቂት ገፋነው፤ እርስዎም በተመለሱ ጊዜ ሲሰፋ ደስ አለዎት፤ ‹ሰፋች፣ ተመስገን!› ሲሉ በጆሯችን ሰማን። ይህ ጌታ የድኻ ወገን ነው፣ ጠፉ እንዲሰፋልን ይፈልጋል አልን። ያን ጊዜ ከኦቦ ሮባ ጋር ተማማልን፤ እሳቸው ከወዲያ፣ እኛ ከወዲህ፣ ድንጋዩን በየዓመቱ ወደየእርሻችን ትንሽ ትንሽ እንገፋለን፤ ግብር በሌለበት ጠፍ ላይም ማሽላችንን እንዘራለን፤ ከብት ነድተን አፈሩን እናስረግጠዋለን። አላበዛንም፤ እርስዎን እንዳናሳፍር ብለን ነው።»

«እርግማኑስ?» አሉ ብላታ። «ወሰን ማፍለስ እርግማን አይደለም እንዴ?»

«ወሰን የባልንጀራ ሲሆን ነው ጌታዬ!» አሉ ባሻ ከልካይ ከልባቸው ተቈጥተው፤ «እኔ የሮባን ወሰን ብነካ ዐይኔ ይፍሰስ! ይህ ግን የማንም ወሰን አይደለም፤ መካከሉ ገደል ነው። ገደል ማንን ይከሳል?» በዚህ መካከል ኦቦ ሮባ ከወዲያ ማዶ በእንጨት ድልድይ ተሻግረው መጡ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። የብላታን ፊት አይተው ነገሩ ሌላ መሆኑን ከባሻ ቀድመው ተረዱ፤ «ጌታዬ፣ ጥፋት ከሆነ ጥፋታችን ነው፤ ነገር ግን ለአገረ ገዥው ቢደርስ መሬታችን ይነቀላል፣ ልጆቻችን ይበተናሉ። አደራዎን» አሉና ሁለቱም ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው የብላታን ጉልበት ሊይዙ ሞከሩ። ብላታ ከልክለው አነሡዋቸው። ነገር ግን ተስፋ ክፉ ነገር ነውና፣ «ስንጥቁ ራሱስ፣ እናንተ ሳትነኩት፣ አልሰፋም?» ብለው ጠየቁ። ኦቦ ሮባም «አባቶቻችን በዝላይ ይሻገሩት ነበር ይላሉ፤ እኛ ድልድይ ሠርተናል። ግን ወሬ ነው፤ እኔ አላየሁም» አሉ። ብላታም አደራውን ተቀበሉ፤ የወዲያ ማዶው ድንጋይ አስቀድሞ ተገፍቶ ነበርና እንደ ልማዳቸው ሰንሰለት ዘርግተው ልኬቱን ጻፉ፤ ድንጋዩም ባለበት እንዲቆይ አዘው ወደ ጅቡቲ ባቡር ወረዱ።

በመርከቡ ላይ ምን እንዳሰቡ ልንገርህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሰው በባሕር መካከል ራሱን መዋሸት ይከብደዋልና። አንዱ ሐሳብ እንዲህ አላቸው፦ «ምድር እንደምትሄድ ታውቃለህ፤ በድንጋዩ ዘር፣ በሸለቆው ግድግዳ፣ በአፋር እሳት አይተሃል፤ የጎደለህ ልኬት ብቻ ነው፣ እሱም በእጅህ አለ። ስንጥቅ ሜዳን የሚያውቅ ሐልቤርግ የለም። ዝም ብትል እውነት ታሸንፋለች፤ ብትናገር እውነት ትዋረዳለች። ታዲያ ለእውነት ስትል ዝም ማለት ኀጢአቱ ምኑ ላይ ነው?» ይህ ሐሳብ ጣፋጭና ብልህ ነበር፤ ብላታም በቅኔ ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ ብልህ ሐሳብ ይወዱ ነበር። ሌላው ሐሳብ ግን አንደበት አልነበረውም፤ በዐይናቸው ፊት የሚመጣው ባሻ ከልካይ ከብት እየነዱ አፈር ሲያስረግጡ ነበር፤ በመጣ ቁጥርም ብላታ በመርከቡ ጫፍ ቆመው ሳይወዱ ይስቁ፣ ከሳቁ በኋላም እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ሁለቱን ሐሳብ እያመላለሱ ማርሴይ ወረዱ፤ ገና አልቈረጡም ነበር።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በፊተኛው ረድፍ የአገራችን ቆንስል፣ ወርቀ ዘቦ ካባውን ለብሶ፣ በኩራት ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ጋዜጠኞች ብዕራቸውን ስለው ይጠብቃሉ፤ በዚያ የሚነገር ቃል ሁሉ ታትሞ ወር ሳይሞላ አዲስ አበባ እንደሚደርስ ብላታ ያውቃሉ። ፕሮፌሰር ሐልቤርግ ገና ልኬቱ ሳይነበብ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ዕድሜ ልካቸውን የተከላከሉትን ትምህርት ሊክዱ፣ በተማሪዎቻቸው ፊት ተሳስቻለሁ ሊሉ ተዘጋጅተው መጥተዋልና፣ «የብላታን ልኬት ከመስማታችሁ በፊት እኔ አንድ ቃል ልናገር» ብለው ጀመሩ። ያን ጊዜ ብላታ ሽማግሌውን ተመለከቱ፤ ይህ ሰው ለእውነት ሲል ሊሸነፍ እንደ ቆመ አዩ፤ የሚያሸንፉትም እሳቸው ሳይሆኑ የማሽላ እርሻ መሆኑ ትዝ አላቸው። ብድግ ብለው «ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይናገሩ። ድንጋዮቹ ተነቃንቀዋል። ልኬቴ ሐሰት ነው፤ የሁሉም ዓመት ሐሰት ነው» አሉ።

አዳራሹ እንደ ገበያ ተናወጠ። «ማን ነቀነቃቸው?» ሲል አንዱ ጮኸ። «ሰው» አሉ ብላታ። «የትኛው ሰው? ስሙን ይጥሩ!» ብላታ ቆንስሉን አዩ፣ ጋዜጠኞቹን አዩ፣ ከዚያም «ድንጋዮቹን የተከልኩ እኔ ነኝ፤ ጠባቂያቸውም እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ በቀር የምጠራው ስም የለኝም» ብለው ተቀመጡ። በቃ! ከዚያ ወዲያ የሚያስተባብል አልተገኘም፤ ሁሉም በአንድ ቃል ድንጋዩን የገፉት ራሳቸው ብላታ ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ስማቸው ከማኅበሩ መዝገብ ተሰረዘ፤ ቆንስሉ ካባውን ሰብስቦ ሰላምታ ሳይሰጥ ወጣ፤ የምድር መራራቅ ትምህርትም በዚያ አዳራሽ የአጭበርባሪዎች ትምህርት ተብሎ፣ ስሙን ያነሣ ሁሉ ይሳቅበት ጀመር። ብላታ በዚያ ቀን አላለቀሱም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

በደጃፉ ላይ ፕሮፌሰር ሐልቤርግ ብቻቸውን ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። «እርስዎ እንዳልገፏቸው አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ «አጭበርባሪ በሊቃውንት ፊት ራሱን አይከስም። ለመሆኑ ምድር ትሄዳለች ብለው አሁንም ያምናሉ?»

«አምናለሁ» አሉ ብላታ።

«እንግዲያስ ለምን? ጥቂት ዝምታ ብቻ ይበቃዎት ነበር፤ እኔ ልሸነፍልዎ ተነሥቼ ነበር።»

«እርስዎ ያመኑት ምድርን አልነበረም፣ እኔን ነበር» አሉ ብላታ፤ «እኔን አምነው ቢሸነፉ ኖሮ፣ ነገ ውሸቴ ሲገለጥ ምድርንም አብረው ይጥሏት ነበር።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው፣ ብላታ ደረጃውን ወርደው በሕዝቡ መካከል እስኪሰወሩ ድረስ በዝናብ ውስጥ ቆሙ።

ብላታ በአገራቸው ሹመት አልተሰጣቸውም፤ አገር ያዋረደ ተብለው በጉምሩክ ቤት የጨው አሞሌ መርማሪ ሆነው ተመደቡ፤ አሽከሮቻቸውም «ይኸው እንዳማራቸው ጨው ደረሳቸው» እያሉ አላገጡ። ጥር በደረሰ ጊዜ ግን ልማድ አላስቀምጥ ብሏቸው ያለ ሰንሰለት ወደ ስንጥቅ ሜዳ ወረዱ። ባሻ ከልካይ እንደ ወትሮው ሙክት ጐትተው ተቀበሏቸውና «ጌታዬ፣ እንደ አዘዙን አልነካነውም። ለመሆኑ ፈረንጆቹ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ብላታም «ምድር አልሰፋችም አሉ» ሲሉ መለሱ። ባሻ ከልካይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «እውነታቸውን ነው እኮ! እኛ ነን እንጂ ምድርማ መቼ ሰፋች!» ኦቦ ሮባ ግን አልሳቁም፤ የብላታን የተጐሳቈለ ካባ፣ የወየበ ፊታቸውን አዩና «ጌታዬ፣ በእኛ ጦስ ምን ደረሰብዎ?» አሉ። «ምንም» አሉ ብላታ፤ «ጨው ተሾምኩ።» ከዚያም በስንጥቁ ዳር ተቀምጠው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ሙክቱን በሉ፤ ከበሉም በኋላ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በመሬቱ ላይ እንደ ዘረጉ ቆዩ። ባሻ የታመሙ መስሏቸው ውሃ አመጡላቸው። ብላታ ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረው በአጭበርባሪ ስም ሞቱ፤ የተቀበሩትም በሰው ብዛት ሳይሆን በሁለት ሽማግሌዎች ለቅሶ ነው። ዛሬ፣ በሰማይ የሚዞሩ መሣሪያዎች ስምጥ ሸለቆውን ሲለኩ፣ በእርግጥ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንደሚሰፋ፣ ነገር ግን መጠኑ ስንዝር ሳይሆን የአንዲት ስንዴ ቅንጣት ያህል ብቻ እንደ ሆነ ተገልጧል፤ ይህንም በአፈር የቆመ ድንጋይ፣ በእጅ የሚዘረጋ ሰንሰለትና አንድ የሰው ዕድሜ ከቶ ሊደርሱበት ባልቻሉ ነበር። ብላታ ይህን ሳያዩ ሞቱ፤ ቢሆንም የሠሩት ሥራ ከዚህ አያንስም፤ ለእውነት የሐሰት ምስክር የሚያቆም ሰው እውነትን ያላመነባት ነው፣ ያለ ምስክር ትቷት የሚሄድ ግን እውነት አንድ ቀን ራሷ እንደምትናገር ያውቃል።